የኋላው ክፍል በር

ሊገዙት ያሰቡት ቤት የምርመራ ሪፖርት አራተኛ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «የኋላ ክፍል። በውጭው ግድግዳ ላይ ከኮርኒሱ ሥር ጀምሮ የሚወርድ ቀጭን የልስን ስንጥቅ አለ፤ የቆየ ይመስላል። የእንቅስቃሴ ምልክት አልታየም። የወለሉ ጣውላ ደረቅና ጠንካራ ነው። በሩ ያለችግር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክፍሉ ለመኖሪያ ብቁ ነው።» ከሥሩ የመርማሪው መሐንዲስ ፊርማና ክብ ማኅተም አለ።

የአናጢው አማት የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፦ «እናንተ ፎቅ ወጥታችሁ መስኮት ስትቆጥሩ እኔ እዚያ ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር። ግድግዳው አቃሰተ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሊነሳ ሲል እንደሚያቃስተው። ጉልበት ሲያቃስት ደግሞ እኔን የሚያስተምረኝ የለም።»

ሪፖርቱ ማኅተም አለው፤ አማትየው የላቸውም። በዚያ ላይ ፈሪነታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሳንሰር ውስጥ አይገቡም። ለጋዝ ሲሊንደር ጀርባቸውን አይሰጡም። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ሶኬት ይነቅላሉ፣ ቀጥለው የፍሪጁን፤ ሰማዩ ሲረጋ ግን መልሶ መሰካቱን ይረሱታል። እዚያ ቤት ወተት የሚበላሸው በሙቀት ሳይሆን በነጎድጓድ ነው።

«እማዬ፣ ያንቺ ጆሮ እኮ ገና ያልሆነውንም ይሰማል» አለች ልጃቸው፣ የአናጢው ሚስት፣ ሪፖርቱን ወደ ፖስታው እየመለሰች። «ፍሪጁ ሞተሩን ሲያስነሳ መሬት ተንቀጠቀጠ ብለሽ ከነብርድ ልብስሽ ደረጃው ላይ አላገኘሁሽም?»

«ያን ቀንም የሆነ ነገር ተንቀጥቅጧል» አሉ እሳቸው።

ሚስትየው ሳቀች። አናጢው አልሳቀም። ዳቦውን ቆርሶ ጎረሰ። ሪፖርቱም ሆነ አማቱ የማያውቁትን አንድ ነገር እሱ ያውቅ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት የኖሩት ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ከሥር ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ። ወደ መንገድ የሚያወርደው ደረጃ ሃያ ሦስት ነው። አማትየው ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ስለከዷቸው ለሐኪም ወይም ቤቱን እንደ ማየት ላለ ትልቅ ጉዳይ ካልሆነ አይወርዱም፤ ሲወርዱም በአማቻቸው ጀርባ ነው። አናጢው ደረጃው አፋፍ ላይ ጎንበስ ሲል «ታክሲዬ መጣ» ይላሉ። አሁን አከራዩ ልጁን ሊድር ስለሆነ ክፍሎቹን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲለቁለት ጠይቋል። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ግን ሁለት ጊዜ።

ቤቱን ያገኘችው ሚስትየው ናት። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቤቱን ሸጠው ሌላ ከተማ ያለች ልጃቸው ጋ ሊጠቃለሉ አስበዋል። ወጥ ቤቱ ሰፊ መስኮት አለው። ፎቁ ላይ ሁለት ክፍሎች አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ምድር ላይ፣ አንድም ደረጃ ሳይኖር፣ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ የኋላው ክፍል አለ። ሚስትየው ክፍሉን ስታይ ወደ እናቷ ዞር ብላ «ይኼ ያንቺ ነው» አለች። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ዕቃ ማሸግ የጀመረችው በማግስቱ ነው። ካርቶኖቹን እንደ መጻሕፍት ቁጥር ሰጥታ ለጠፈችባቸው። ሦስት ካርቶኖች ላይ «የእማዬ ክፍል» የሚል ተጽፏል።

አናጢው ስህተቱን የሠራው ቅዳሜ ነው። ቤቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያዩ ሄደው፣ ሚስቱና ሹፌሩ ወጥ ቤት ሲነጋገሩ እሱ የኋላውን ክፍል በር ገፋ። በሩ ላይኛው ጥግ ላይ ጉበኑን ይነካል፤ ሲከፈት ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያሰማል። ሃያ ዓመት ሙሉ በር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የሚነካ በር አይቶ ማለፍ ለእሱ የሚያለቅስ ሕፃን አይቶ እንደማለፍ ነው። መላጊያው እንደ ልማዱ ቦርሳው ውስጥ ነበረች። ወንበር ላይ ወጣ፣ ጥጉን ላገው፣ ማጠፊያዎቹን ዘይት ቀባ፣ ፍቅፋቂውን በእጁ ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። የላገው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ያን ያህል መሆኑን ያወቀው ሳይለካ ነው፤ ኋላ ሲለካውም አልተሳሳተም።

«እጅህ ይባረክ» አሉት ሹፌሩ በሩን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ። «ይኼ በር ይህን ዓመት ጠባዩ ተበላሽቶብኝ ነበር።»

ሰኞ መርማሪው መጣ። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጫማው ላይ ላስቲክ ሳይለብስ ሰው ቤት የማይገባ ሰው ነው። ውሃ ልክ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ባትሪና አንድ የብርጭቆ ብይ ይዟል። ብዩን ወለል ላይ ያስቀምጣትና ጎንበስ ብሎ ያያታል፤ ከተንከባለለች ይጽፋል፣ ከቆመች ይጽፋል። ከሁሉ በፊት ግን ያያቸው በሮችን ነው።

«ግድግዳ ዝቅ ማለት ሲጀምር ከልስኑ ቀድሞ የሚያውቀው የበር መቃን ነው» አለው ለአናጢው፣ የሙያ ጓደኛ እንዳገኘ ሰው። «አንተ ይኼን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።»

አናጢው ራሱን ነቀነቀ። መርማሪው የኋላውን ክፍል በር በሁለት ጣቱ ገፋው፤ በሩ ያለ ድምፅ ሄደ። ብዩን ክፍሉ መሐል አስቀመጣት፤ ቆመች። ከዚያ ጥጉን የሸፈነውን ከባድ የብረት አልጋ አየ። ከሥሩ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ ሹፌሩ የሚተኙት እዚያ ነው፣ ራስጌው ግድግዳው ሥር። «ይኼን ማስነሳት ነበረብኝ» አለ መርማሪው፤ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ። «በሩ እንዲህ ደህና ከሆነ አባባን አናስቸግራቸው።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረበት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከወጥ ቤት ግን የሚስቱ ድምፅ ይሰማል፤ ሹፌሩን መጋረጃው ስንት ሜትር እንደፈጀ ትጠይቃለች። እንጨት እኮ ያብጣል፣ አለ በልቡ። እርጥበት ሲኖር እንጨት ያብጣል። ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር እንዳለፈ ልቡ መልሶ ነገረው። ቃሉን ዋጠው።

እና አሁን የቤቱ ግዢ ውል ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሪፖርቱ ፖስታው ውስጥ፣ አማቱ ወንበራቸው ላይ፣ እሱ በመካከል ሆኖ ዳቦ ያኝካል።

«መደርደሪያ ለክቼ ልምጣ» ብሎ ተነሳ።

«የእማዬንም ክፍል ለካ» አለች ሚስቱ።

ሹፌሩ በሩን የከፈቱለት ሸሚዛቸውን በግማሽ ቆልፈው ነው። «ግባ፣ ግባ፣ ወደ ኋላ ጠጋ በል፣ ቦታ አለ» አሉት፤ አርባ ዓመት ለተሳፋሪ ያሉትን አሁንም ለእንግዳ ይሉታል። የጆሮ መሣሪያቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ አውጥተው ሰኩ። «ብቻዬን ስሆን አወልቃታለሁ። ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል፤ ደግሞስ ማንን ልሰማ?»

«ማታስ?» አለ አናጢው።

«ማታማ ጭራሽ። እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው።»

ሹፌሩ ሰላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ አንድ ቀን ኮሽ ሲል ሰምቼ አላውቅም ብለው ለሚስቱ ሲምሉላት ሰምቷል። አልዋሹም ነበር።

መሣሪያ ቦርሳውን ኮሪደሩ ላይ ትቶ፣ ሜትርና እርሳስ ብቻ ይዞ ወደ ኋላው ክፍል ገባ። በሩ እንደ ሁልጊዜው ገርበብ ብሎ ነበር፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ለማን ብሎ ይዘጋል? አናጢው ከውስጥ ሆኖ ገፋው። ሊገጥም ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ቀና ብሎ አየ። ቅዳሜ ልጎት የሄደው ነጭ እንጨት ተፍቋል፤ አዲስ ጭረት፣ በዚያው ጥግ፣ በዚያው አቅጣጫ። ቁጭ ብሎ ቆጠረ። አሥር ቀን ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሰጥቶት ነበር፤ ግድግዳው በአሥር ቀን በላው።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለ። ሰው የሚፈራውን ነገር ደግሞ ማየት ይወዳል። ትከሻውን ሰጥቶ በሩን እስከ መጨረሻው ገፋው፤ በሩ ጥርሱን አፋጭቶ ገጠመ። ሁለቱን ጥጎች ለካ። አንደኛው ጥግ ላይ ጣት ይገባል፤ ሌላኛው ላይ ወረቀት አይገባም። መቃኑ ከአራት ማዕዘንነት ወጥቷል።

ከዚያ በርጩማውን ስቦ አማቱ የተቀመጡበት ቦታ ተቀመጠ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ቀኑ ሞቃት ነው፤ በመስኮቱ ፍርግርግ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ የብረት ጥላ ዘርግቷል። ከፊት ለፊት ክፍል የሬድዮ ድምፅ ይሰማል። ምንም የለም። ራሱን ታዘበ። አማቴን መሰልኩ፣ አለ፤ ነገ ደግሞ ሶኬት ልነቅል ነው።

ያኔ ጀርባው ሰማ። ጆሮው አይደለም፤ ጀርባው ነው። ከታች የተነሳ ነገር ወደ ላይ ወጣ፣ ረጅምና ዝግ ያለ፣ ሸክም ያለበት ሰው እግር ሲቀይር እንደሚያሰማው። መጨረሻው ላይ «ቀጭ» አለ። አንገቱ ሥር የልስን ብናኝ ወረደ።

ብድግ ብሎ የበሩን እጀታ ጎተተ። በሩ አልመጣም። በሁለት እጁ ጎተተ። እጀታው ትንሽ፣ ክብና ለስላሳ ናት፤ የዚያን ዓይነት እጀታ እሱ ራሱ ለስንት ቤት ገጥሟል፣ በላብ እጅ ምን እንደምትመስል ግን አንድም ቀን አልሞከረም። እግሩን መቃኑ ላይ ተክሎ ሳበ። ብሎኗ ላላች፤ እጀታዋ በእጁ ውስጥ መዞር ጀመረች።

«አባባ!» ብሎ ጠራ። ሬድዮው ጮክ ብሎ ዜና ያነባል። በጡጫው ደበደበ። «አባባ!»

የማጠፊያዎቹ ሹሎች በእሱ በኩል ናቸው፤ ከታች በመፍቻ ቢመታቸው ይወጣሉ። መፍቻው ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። መስኮቱ ላይ ፍርግርጉ አለ፤ ብረቱ በሲሚንቶ ተቀብሯል። ዞር ብሎ ስንጥቁን አየ። እንደ ነበረ ነው፤ ቀጭን፣ ዝም ያለ፣ እንደ ተኛ ነገር። እሱ ሳያየው የሚንቀሳቀስ መሰለው። ዓይኑን ከሱ መንቀል ፈራ፤ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ እያየው ቆመ፤ ላብ በዓይኑ ገባ። ግን የፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ይኼ ሁሉ የሆነበት እሱ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። በርጩማው ላይ ያያቸው አማቱን ነው፤ ከበርጩማው ለመነሳት ብቻ ሦስት ጊዜ የሚሞክሩትን፣ እጃቸው እጀታ ላይ የማይጠነክረውን። ሲጣሩም ሰዉ ሁሉ «እማዬ ደግሞ ጀመረች» ብሎ የሚያልፋቸውን።

ስንት ደቂቃ እንደቆመ አያውቅም። ድንገት በሩ ከጀርባው ገፍቶ ወደ ክፍሉ ወረወረው። ሹፌሩ የውሃ ብርጭቆ ይዘው፣ በትከሻቸው ገፍተው ከፍተው ቆመዋል።

«ዘግተህ ምን ትሠራለህ? ውሃ ላምጣልህ ብዬ...» ፊቱን አዩት። «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?»

ከውጭ ሲገፋ ይከፈታል፣ አለ አናጢው በልቡ። ከውስጥ ግን አይከፈትም።

«ሙቀቱ ነው» አለ። ውሃውን ጠጣ።

ቤት ሲመለስ ሚስቱ ገበያ ወጥታለች። አማትየው ከካርቶኖቹ መሐል ተቀምጠው የሻይ ማንኪያ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። ገና ሲገባ አንገቱን አዩት።

«ና ወዲህ» አሉት። ጎንበስ አለላቸው። ኮሌታውን በጣታቸው ጠርገው ነጩን ብናኝ አሳዩት። «አንተም ሰማኸው።»

አናጢው ኮሌታውን ወደ ቦታው መለሰ።

«ሰማኸው ወይስ አልሰማኸውም?»

«ሰማሁት እማማ።»

አማትየው ማንኪያውን ጠቅልለው ጨረሱ። አላሾፉበትም፤ አልረኩምም። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈሩ ኖረው አንድ ቀን ትክክል በሆኑበት ቀን ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ደስታ የለም።

«ለእሷ አትንገራት» አሉ።

«እንዴት?»

«አሥራ አንድ ዓመት ከጎማ ላይ ተኝታለች። ይኼን ቤት ስታይ ፊቷን አይተኸዋል? እኔ ልደብቅህ አልችልም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁባትም። እኔ በሩን ከፍቼ እተኛለሁ። አልጋዬን ወደ በሩ ታደርግልኛለህ። የቀረኝ ዕድሜ ደግሞ ስንት ነው?»

«እማማ፣ አሳንሰር የሚፈሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«አሳንሰር ውስጥ ልጄ የለችበትም» አሉት።

አናጢው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «የእማዬ ክፍል» የሚለው ጽሑፍ ከእግሮቹ መሐል ይታያል። እኚህ ሴት ከድንች መላጫ የሚሸሹ ሴት ናቸው፤ አሁን የሚያቃስት ግድግዳ ሥር ሊተኙ ተስማምተዋል። እሱ ደግሞ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ለመናገር አፍሯል።

ስልኩን አወጣ። ሲደውል ሚስቱ ዘምቢሏን ይዛ ደረጃውን እየወጣች ነበር፤ ዳናዋን ሰምቷል፤ ስልኩን ግን አልዘጋውም።

«ኢንጂነር፣ የዚያን ቤት የኋላ በር የላግሁት እኔ ነኝ» አለ። «እርስዎ ከመምጣትዎ ሁለት ቀን በፊት። ይነካ ነበር።»

ሚስቱ በራፉ ላይ ቆመች።

«ስንት ላግህ?»

«ሁለት ሚሊ ተኩል።»

«አሁንስ?»

«ተመልሶ ነክቷል። ዛሬ ከውስጥ ያዘኝ። መቃኑ ተጣሟል።»

ከሥር ኮምፕረሰሩ ተነሳ፤ ብርጭቆዎቹ ተንሾካሾኩ።

«ሽማግሌው የሚተኙት እዚያ ነው አይደል?» አለ መርማሪው። ድምፁ ተለውጧል። «አሁኑኑ ተነስቼ እመጣለሁ። አንተም መሣሪያህን ይዘህ ና።»

ሚስቱ ዘምቢሉን ሳታስቀምጥ «አንተ ነህ የላግኸው?» አለች። «እኔ አጠገብህ ሆኜ?»

«ወጥ ቤት ነበርሽ።»

«ሪፖርቱን ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤልሃለሁ። በሩ ያለችግር ይከፈታል፣ ይዘጋል እያልኩ። አፍህን ይዘህ ሰማኸኝ።»

«ሰማሁሽ።»

«እናቴን እዚያ ልታስተኛት።»

ከካርቶኖቹ መሐል «እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ» የሚል ድምፅ መጣ። «መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ታክሲዬ፣ ጎንበስ በል።»

ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች በኋላው ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ በሩ በወንበር ተደግፎ ተከፍቷል፤ አማትየውን ኮሪደሩ ላይ፣ ከደፉ ወዲያ አስቀምጠዋቸዋል። መርማሪው ከመግባቱ በፊት ላስቲኩን ጫማው ላይ አጠለቀ፤ እጁ ግን ተቻኩሎ አንዱን ቀደደው። ሹፌሩ የጆሮ መሣሪያቸውን ሰክተው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያያሉ።

አናጢውና መርማሪው አልጋውን ከጥጉ አነሱ። ከሥሩ ያለው ጣውላ ጠቁሯል። መርማሪው ብዩን ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጣት። ብይዋ አልቆመችም። ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይነካት፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ጥጉ ሄደች።

«ጣውላውን አንሳው» አለ መርማሪው።

አናጢው በጥፍር መዶሻው ነቀለው። ሚስማሮቹ ሳይጮሁ ወጡ፤ እንጨቱ በስብሷል። ቀዝቃዛ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው አየር ፊቱን መታው። ባትሪውን አበሩ። ከወለሉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ አፈር መታየት ነበረበት። ብርሃኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ምንም አላገኘም። በአንዱ ጎን የግድግዳው መሠረት ድንጋይ ይታያል፤ ከሥሩ የተሸከመው ነገር የለም፤ ድንጋዩ አየር ላይ ነው። ከጥልቁ እንደ ሹክሹክታ ያለ የውሃ ድምፅ ይመጣል።

ብይዋ ጠርዙ ላይ ደርሳ ነበር። ወደቀች። ሁሉም ጠበቁ። ሚስትየው የባሏን ክንድ መቼ እንደያዘች አታውቅም። ድምፁ የመጣው ሊረሱት ሲሉ ነው፤ «ጭልጥ» አለ፣ ከሩቅ።

«የቧንቧው ውሃ ነው» አለ መርማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከሥር ፈስሶ አፈሩን ይዞት ሄዷል። አባባ፣ የውሃ ቆጣሪዎ ይህን ዓመት አልበዛብዎትም?»

«በዝቶብኛል» አሉ ሹፌሩ። «ቆጣሪው አብዷል ብዬ በአዲስ አስቀየርኩት።»

ማንም አልሳቀም። መርማሪው ሪፖርቱን ከፖስታው አውጥቶ አራተኛውን ገጽ በእስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። «አልጋውን ማስነሳት ነበረብኝ» አለ። «አንተ በሩን ላግህ፣ እኔ አልጋውን ዘለልኩት። ዛሬ ይውደቅ፣ ከዓመት በኋላ ይውደቅ አላውቅም። ይኼ ግድግዳ ግን የቆመው በልማድ ነው።»

ሹፌሩ የአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ መቶ ሰው ጭነው ቁልቁለት የወረዱ ሰው ናቸው፤ አሁን እግራቸው ፍሬን እንደሚፈልግ ወለሉን ይዳስሳል። ራስጌያቸው የነበረበትን ጥግ አዩ። ከዚያ ጉድጓዱን አዩ።

«ጣውላውን መልሱልኝ» አሉ።

«አባባ...» አለች ሚስትየው።

«ልጄ ጋ እመጣለሁ ብያለሁ። አልጋ ገዝታልኛለች። እናንተ ካልገዛችሁ ነገ ጠዋት ሌሎች ሊያዩት ይመጣሉ፤ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሕፃን ይዘዋል።» ሕፃን የሚለውን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ ግን ቀጠሉ። «እኔ ለማንም ክፉ አስቤ አላውቅም። መርማሪ ያምጡ፣ ራሳቸው ይዩ። ብቻ እንደነበረው መልሱልኝ። አንተ እጅህ ጥሩ ነው። እንዳልተነካ አድርገህ ትገጥመዋለህ።»

መርማሪው ወደ ማስታወሻ ደብተሩ አጎነበሰ። ሚስትየው ወጥ ቤቱ ወዳለበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰፊው መስኮት፣ አንድ ጊዜ አየች፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ እናቷ። ባሏን አላየችውም። ክንዱን ግን አልለቀቀችም።

አናጢው ጣውላውን በእጁ ይዟል። እውነታቸውን ነው፤ እንዳልተነካ አድርጎ መግጠም ይችላል። አራት አዲስ ሚስማር፣ ትንሽ ሰም፣ ከላዩ አልጋው። ማንም አያውቅም። እጁ ሥራውን ጀምሮት ነበር፤ ጣውላውን ሳያስበው ወደ ቦታው አዙሮታል፣ ጫፉን ከጫፍ አስተያይቷል። ከሥር ውሃው ይንሾካሾካል።

ግድግዳው አቃሰተ። በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ሰሙት። ሹፌሩ እጃቸውን ወደ ጆሮ መሣሪያቸው ሰደዱ፣ የተበላሸች መስሏቸው።

ከኮሪደሩ አማትየው «እኔ ነኝ እንዳትሉ ብቻ» አሉ።

አናጢው ጣውላውን ከጉድጓዱ አርቆ፣ ከበሩ ውጭ፣ አማቱ እግር ሥር ወስዶ አስቀመጠው። የልብስ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ ጎተተ። ከዚያ የሹፌሩን ብርድ ልብስ ከአልጋው ላይ አነሳ፣ በሁለት አጠፈው፣ በአንድ ክንዱ ያዘው፤ ሌላውን ክንዱን ለሽማግሌው ዘረጋላቸው።

«አልመልሰውም» አለ። ሽማግሌው እንዲሰሙት ጮክ አድርጎ ተናገረው። «ቤቱን አንገዛም፤ ጉድጓዱም ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ነገ የሚመጡት ሰዎች ሲመጡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ የላግሁትን ራሴ አሳያቸዋለሁ። እርስዎ ደግሞ አባባ፣ ዛሬ የሚያድሩት ከእኛ ጋር ነው። ሃያ ሦስት ደረጃ አለው፤ አዝልዎታለሁ።»